የስንዱ ደሞዝ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ፣ በልጄ ቤት፣ ቤተሰቡ ሁሉ ቴሌቪዥኑን ከቦ ተቀምጦ ነበር። የእኔ ዓይን ደክሟልና አብዛኛውን ጊዜ የምከታተለው ድምፁን ነው። የዚያን ዕለት ግን የልጅ ልጄ ወንበሬን እየጎተተች አስጠጋችና፣ «እማማ፣ ይችን ልጅ ይዩልኝማ! እውነት የታመመች አትመስልም?» አለችኝ።

አየኋት። ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። አልጋ ላይ ተኝታ፣ ዓይኗን ከደን ከፈት እያደረገች እናቷን ትጣራለች። ድራማው አልቆ ጥቂት ቆይቶ ያችው ልጅ ፀጉሯን ተሠርታ፣ እየሳቀች፣ ከአንድ ጠያቂ ፊት ለፊት ተቀምጣ ታየች። «ስንት ይከፈልሻል?» ሲላት ዘወር ብላ አባቷን አየችው። አባትየውም፣ «በስሟ የባንክ ደብተር አውጥተንላታል፤ ስታድግ የምትወስደው ነው» አለ። ልጄ፣ «እኛም አንዷን እንላክ እንጂ!» ብሎ ሲቀልድ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ ምርኩዜን ይዤ ወጣሁና ከደጅ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። ሙቀቱ የከበደኝ መስሏቸው ተዉኝ።

እኔም እንዲህ ያለች እህት ነበረችኝ። ቴሌቪዥን የሚባል ነገር በማይታወቅበት ጊዜ፣ መተማ ላይ፣ በጣሊያን ዘመን። ስንዱ ትባላለች። እሷ ስምንት ዓመቷ፣ እኔ ዐሥራ አራት። ተዋናይ የሚለውን ቃል ሳንሰማ ተዋናይ ሆነች፤ ደሞዝም አመጣች። ሥራዋ በጥቅምት ተጀምሮ በኅዳር አለቀ።

ቤታችን ከከተማው ዳር ነበር፤ ወደ ወንዙ ቁልቁል ሲወረድ። ከወንዙ ማዶ ገላባት ነው፤ የእንግሊዝ ግዛት። አባታችን ጣሊያን ሲገባ ጠመንጃውን ይዞ ወደ አርማጭሆ በረሃ ወርዶ ሁለት ክረምት አልፎታል። አለም ሞተም የሚለን አልነበረም። የተወው የሰሊጥ ማሳ አረም ወርሶት፣ እናቴ በሰው ማሳ እየዋለች በቀን አንድ ቁና ማሽላ ታመጣለች። ማታ የማሽላ ገንፎ በዌካ፣ በደረቀ ባሚያ ወጥ፣ እንበላለን። አንዳንድ ቀን ዌካው ብቻ ይሆናል፤ ያን ቀን እናቴ «እኔ ማሳው ላይ በልቻለሁ» ትላለች።

እናቴ አንድ ሐሳብ ነበራት፤ ከሳንጃ በላይ፣ ከደጋው አፋፍ፣ ወንድሟ ዘንድ መግባት። አባታችንም በዚያ አቅጣጫ ነው ይባል ነበር። ደግሞም መተማ ዝናም በወጣ ቁጥር ንዳዱ፣ ወባው፣ ሰው ያጭዳል፤ አፋፉ ላይ ግን ትንኝ የለም። ነገር ግን ያን ሁሉ በረሃ ስንዱን አስከትሎ፣ ስንቅና ውሃ ተሸክሞ በእግር መሄድ የሚሞከር አልነበረም። አህያ ያስፈልጋል። «አህያ ብቻ ባገኝ» ትል ነበር እናቴ፤ ጸሎት እስኪመስል ድረስ።

ስንዱ ሰው ማስመሰል ታውቅበት ነበር። ለጣሊያን ያደሩትን ወታደሮች የአስካሪዎቹን አረማመድ፣ የጎረቤታችንን ሳል፣ የፍየል አመነዣዠክ። ከሁሉ የሚያስቀን ባለሱቁ አደም ነበር። ጨርቅ የሚለካ አስመስላ ክንዷን ዘርግታ፣ ሌላውን እጇን ሆዷ ላይ ጭና፣ «ወላሂ፣ ከስሬ ነው የምሸጥልሽ! ልጆቼ ዛሬ ጾማቸውን ያድራሉ!» ስትል አደም ራሱ ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ እንባው እስኪወርድ ይስቅ ነበር። ከዚያም ተምር ይሰጣታል።

ጣሊያኑ የመጣው ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ስሙን አናውቅም፤ ባለሣጥኑ እንለው ነበር። ሦስት እግር ያለው ሣጥን አቁሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሌላው እያየ እጀታውን ያሽከረክራል። ከመረብ ማዶ የመጣ ተስፉ የሚባል አስተርጓሚ አይለየውም። የመጀመሪያ ቀን ልጆች ሁሉ ከኋላው ተሰብስበን ስናይ፣ ስንዱ ብቻዋን ወጥታ አንድ ዓይኗን ጨፈነችና ጆሮዋ ሥር እጇን እያሽከረከረች ተከተለችው። ሰውየው ድንገት ዞረ። እኛ እግሬ አውጪኝ አልን። እሷ ግን አላቆመችም፤ ፊቱ ላይ ማሽከርከሯን ቀጠለች። ሣጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ።

ተስፉ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «አንቺ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

«የእናቴ» አለችው። የአባታችንን ስም ለጣሊያን ሰው እንዳንናገር ተመክረን ነበርና።

በማግስቱ እናቴን አነጋገሩ። ሲኒማ የሚባል ነገር ነው፤ ልጅቱ ጥቂት ቀን ትመጣለች፣ የሚሏትን ታደርጋለች፣ ይከፈላታል። ታላቅ እህቷም ይዛት ትመጣለች። እናቴ፣ «ይመቷታል?» ብቻ አለች። «ማን ነክቷት!» አለ ተስፉ።

እንዲህ ተጀመረ። አንድ ቀን አበባ ይዛ ወታደር ትቀበላለች። ሌላ ቀን ነጭ ዳቦ ስትበላ፣ ሌላ ቀን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ያነሷታል። መጻፍ አትችልም ነበር፤ ግን ስትጽፍ ላያት ደብተራ ትመስላለች። ጠዋት ነጠብጣብ ያለበት ቀሚስ ያለብሷታል፤ ማታ አውልቃ ትመልሳለች። የመጀመሪያው ቀን ክፍያዋ በወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ ነበር። ቆይቶ ዱቄት ሆነ። ከዚያ ዱቄትና ስኳር፤ በመጨረሻም የጣሊያን ገንዘብ፣ ሊሬ።

ቤታችን ተለወጠ። እናቴ ማሳ መዋል ተወች። ስንዱ ቀድማ እጇን ትታጠባለች፤ ቀድማ ትቆርሳለች። እንደ አባት ነው የምትቀርበው። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ውሃ የቀዳሁ፣ እንጨት የለቀምሁ፣ እንዲያ ቀርቤ አላውቅም። ዛሬ ልዋሽ አልፈልግም፤ ቀናሁ። ያች ትንሽ እጅ ወጡ ውስጥ ቀድማ ስትገባ እያየሁ ምራቄን እውጥ ነበር።

ሐሜቱም ነበረ። አንድ ቀን ወንዝ ስንወርድ አንዲት ሴትዮ እናቴ እንድትሰማ አድርጋ፣ «አባቷ በዱር ይወጋቸዋል፤ ልጁ በከተማ ታጫውታቸዋለች» አለች። እናቴ እንስራዋን ሞላች፣ አዘለች፣ ዳገቱን ወጣች። ቤት ስንገባ ነው የተናገረችው። «ዱቄት አገር የለውም» አለች፤ ለእኔም ለራሷም ይመስለኛል። ከዚያ ወንፊቷን አነሣች።

አንድ ቀን ባለሣጥኑ ስንዱን የሰሊጥ ማሳ ወስዶ በነዶዎቹ መካከል እየሳቀች እንድትሮጥ አደረጋት። ደጋግማ ሮጠች። ስታርፍ፣ «ለምንድን ነው የምሮጠው?» ብላ ተስፉን ጠየቀችው።

«ከሕመምሽ ድነሽ ነዋ! ኪኒን ወስደሽ ዳንሽ፤ ደስ ብሎሽ ሮጥሽ።»

«መች ታመምሁ?»

«ኋላ ትታመሚያለሽ» አለ ተስፉ እየሳቀ። የሐኪም ድንኳኑ ገና አልደረሰም፤ ድንኳኑን ቢጠብቁ ደግሞ ነዶው ተወቅቶ ማሳው ባዶ ይቀራል። ስለዚህ መዳኗ አስቀድሞ ተነሣ፤ ሕመሟ ለመጨረሻ ቀን ተቀመጠ። ሲኒማ ሲታይ ቦታ ቦታው ይገባል አለን። እኛም ሳቅን።

ለዚያ ለመጨረሻ ቀን ባለሣጥኑ ጥሩ ሊሬ ሊሰጣት ቃል ገባ። እናቴ አስልታ ነበር። የቆጠበችው ላይ ሲጨመር አህያ ይገዛል።

ያ ቀን የኅዳር ሚካኤል ባለፈ በሳምንቱ ነው። ጠዋት እናቴ ስንዱን ደጃፍ ላይ አቁማ በቅል ውሃ ፊቷን አጠበቻት፤ ፀጉሯን ቅቤ ቀባቻት። ከዚያ፣ «ሂዱ፣ ፀሐይ ሳትበረታ» አለችና ቀና ብላም ሳታየን ወደ እህሏ ዞረች።

መንገዱ በማሽላ ማሳ መካከል ያልፋል። ማሽላው ጎምርቶ፣ ወፍ የሚጠብቁ ሰዎች ከማማ ላይ ይጮኻሉ። ስንዱ ሁልጊዜ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር የወደቀውን ፍሬ ሳትለቅም አታልፍም፤ የዚያን ዕለት ዝም ብላ አለፈች። እጇን ያዝሁት። የምድጃ ጉልቻ መሰለኝ።

«ይታክቱ፣ ብርድ ይለኛል።»

«በዚህ ሙቀት?»

«ብርድ ይለኛል አልሁሽ። አጥንቴንም ያመኛል።»

ቆላ ያደገ ሰው ንዳድን እንደ ጎረቤቱ ያውቃታል። እኔም አወቅኋት። ሁላችንም ታመን ድነን ነበርና ትድናለች አልሁ። «እንመለስ?» አልኋት። መልሷን ግን አልጠበቅሁም። «ዛሬ እኮ የመጨረሻው ነው፤ አህያ ልንገዛ ነው። ዛሬን ብቻ ቻይው» አልኋት።

«አህያዋ ላይ እኔ ነኝ የምቀመጠው?»

«አንቺ ነሽ።»

«እሽ» አለች።

ድንኳኑ አዲስ፣ ነጭ፣ ንጹሕ ነበር። መሐሉ ላይ በጠፍር የተጠለፈ አልጋ፣ አንገረብ፣ አቁመዋል። የመድኃኒት ሣጥኖቹ ግን ከጎንደር ገና አልደረሱም። አንዱን አስካሪ ነጭ ካባ አልብሰው ሐኪም አደረጉት። ስንዱ አንገረቡ ላይ ተጋደመች። «በይ አሁን ተንቀጥቀጭ!» አለ ተስፉ።

ተንቀጠቀጠች። ጥርሷ ሲንገጫገጭ ከቆምሁበት ይሰማኝ ነበር። ባለሣጥኑ እጀታውን እያሽከረከረ፣ «ብራቫ! ብራቫ!» ይላል። ተስፉ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እንዲህ ያለች አስመሳይ ሮማም የለችም ነው የሚል» አለኝ። አስካሪው ራሷን ደግፎ በብርጭቆ ነጭ ነገር አጠጣት። ባለሣጥኑን አልተስማማውምና እንደገና ተባለ። ከዚያም እንደገና።

በመካከል ሣጥኑን ሲያስተካክሉ አጠገቧ ሄድሁ። ዓይኗ ቀልቷል። «ይታክቱ፣ ይኸ መድኃኒት ይሽለኛል?» አለችኝ። ብርጭቆውን አንሥቼ ቀመስሁት። በውሃ የተበጠበጠ ስኳር ነበር።

«ይሽልሻል» አልኋት።

አንዲት ቃል ብናገር፣ ለዚያ ሰው «እውነቷን ነው» ብለው፣ ወታደሮቹ ሠፈር ኪኒን አይጠፋም ነበር። ይህን በኋላ አወቅሁ እንዳልል፣ ያን ጊዜም አውቀዋለሁ። ግን ሥራው ይቋረጣል፤ ክፍያውም ይቀራል ብዬ ፈራሁ። እንደ አባት የምትቀርበው እሷ ናት፤ ትንሽ ብትችል ምን አለበት የሚል ክፉ ሐሳብም ውስጤ ነበረ።

ሥራው ሲያልቅ አዝዬ ወሰድኋት። ባለሣጥኑ የደከማት መስሎት ከኋላዬ ጉንጯን መታ መታ አደረጋት፤ ክፍያውን በማግስቱ አመጣለሁ አለ። ቤት ስንደርስ እናቴ ተቀብላኝ አስተኛቻት። ያገኘነውን ቅጠል ቀቅለን አጠጣናት፤ የአደም ሚስት የከርከዴ ሻይ አፍልታ አመጣች። በማግስቱ ጠዋት ስንዱ ሰው መለየት ተወች። ዓይኗ ተገልብጦ ሰውነቷ እንደ እንጨት ሲገተር፣ ያን ጊዜ ወደ ሠፈሩ ሮጥሁ።

ባለሣጥኑ ቆቡን እንኳ ሳያደርግ መጣ። እየሮጠ ነው የመጣው፤ የኪኒን ብልቃጥ በእጁ፣ ተስፉም ከኋላው። ጥርሷን ነክሳ ነበር። በማንኪያ ሊከፍተው ሞከረ፤ መድኃኒቱ በጉንጯ ወርዶ ፈሰሰ። እናቴ የልጇን ራስ ይዛ፣ «ስንዱ፣ ስንድዬ» ትላለች። እኩለ ቀን ሳይሆን ስንዱ አረፈች።

ሰውየው ብልቃጡን ይዞ ቆመ። ከዚያ ለተስፉ የሆነ ነገር ነገረው።

«ትናንት ታማ ነበረች ወይ? ይላል።»

«አልነበረችም» አልሁ።

«ደህና ነበረች» አለች እናቴ እኔን ተከትላ። «ጠዋት ፊቷን ሳጥባት ደህና ነበረች።»

ሰውየው ሁለታችንንም አየን። ያመነን አይመስለኝም። ወጥቶ ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ሲያለቅስ አየሁት። አብሬው ባለቅስ ደስ ባለኝ፤ ግን የእኔ እንባ ዝም ብሎ ደርቆ ነበር።

በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ተስፉ ክፍያውን አመጣ። ሊሬው ቃል ከተገባው ይበልጥ ነበር፤ ከዱቄቱ ላይም ያ ነጠብጣብ ቀሚስ ታጥፎ ተቀምጧል። እናቴ ሊሬውንና ዱቄቱን ተቀበለች። ቀሚሱን ግን መለሰችለት። «ይኸ የሷ አይደለም፤ ማታ ማታ ትመልስላችሁ ነበር» አለችው። በሳምንቱ አህያ ገዛች። ሴቶች ተንሾካሾኩ። ምን ታድርግ? ልጄን መልሱ ብላ ገንዘቡን ብትበትን የሚመልስላት አልነበረም።

ወዲያው አልሄድንም። እናቴ መቃብሩን ጥላ ለመሄድ እግሯ እምቢ አላት። የካቲት ላይ ሲኒማው ተሠርቶ አልቆ መተማ ተመለሰ፤ ሕዝቡ ሁሉ እንዲያይ ታዘዘ። ፀሐይ እንደጠለቀች ገበያው መሐል ሰፊ ነጭ አቡጀዴ ተዘረጋ። እኔ አልሄድም ብዬ ነበር። እናቴ፣ «ታያለሽ፤ እኔም አያለሁ» ብላ እጄን ያዘች።

ስንዱ መጣች። አበባ ሰጠች። ዳቦ በላች። ጻፈች። ከዚያ አንገረቡ ላይ ተጋድማ ተንቀጠቀጠች። የእናቴ ጥፍር መዳፌ ውስጥ ገባ። አስካሪው ራሷን ደግፎ አጠጣት። ዓይኗን ከደነች። ከዚያም ወዲያው፣ ሳንተነፍስ፣ ስንዱ ብድግ ብላ በሰሊጥ ነዶዎች መካከል ወደ እኛ እየሳቀች ሮጠች።

«ተነሣች!» አለች እናቴ። እጄን ለቀቀች። «እሰይ! እሰይ ልጄ!» እያለች በሰው መካከል ወደ አቡጀዴው ሄደች። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት። ስንዱ በእናቴ ነጠላ ላይ፣ በጀርባዋ ላይ ትሮጥ ነበር። እናቴ ጨርቁን በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያ ዞራ ከበስተጀርባው ገባች። ተከትዬ ስደርስ ባዶ ቦታ ቆማ ጨለማውን ታያለች። «የት ሄደች?» አለችኝ። ጨዋ ሰው ነበረች፤ አእምሮዋን የሳተች አልነበረችም። ለአንድ አፍታ ግን እውነት ጠየቀችኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አህያዋን ጭነን ወጣን። ላይዋ ላይ ስንቁ እንጂ ሰው አልተቀመጠም።

ከአጎቴ ቤት ገባን፤ ኖርን። ጣሊያን ሲወጣ አባታችን በሕይወት መጣ። እናቴ «ስንዱን ንዳድ ወሰዳት» ብቻ አለችው። ንዳድ የወሰዳቸው ልጆች በየቤቱ ነበሩና ሌላ አልጠየቀም። ስለ ሲኒማው እስኪሞት አልሰማም።

እናቴ ያረፈችው እኔ አራት ልጆች ከወለድሁ በኋላ ነው። በመጨረሻዋ ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት፣ እግሯን ሳሽላት፣ «አንድ የምነግርሽ አለ» አለችኝ። «ያን ቀን ፊቷን ሳጥባት እጄን አቃጠለኝ። ንዳድ መሆኑን አወቅሁ። አህያዋን አሰብሁና ላክኋት። አንቺ ግን ምንም አታውቂም ነበር፤ ልጅ ነበርሽ። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁትም። ለአንቺ ልናገር፤ እህትሽ ናትና ይቅር በይኝ።»

«እማ፣ እኔም አውቅ ነበር።» አራት ቃል ናት። ምላሴ ላይ መጥታ ነበር። ስኳሩን መቅመሴን፣ ያን መንገድ፣ ያን ትኩስ እጅ ብነግራት፣ ቢያንስ ብቻዋን እንዳልነበረች ታውቅ ነበር። ግን የምታየኝ እንደ ንጹሕ ሰው ነበር፤ ያን ዓይን ማጣት ፈራሁ። «ምንም አላጠፋሽም፣ እማ» አልሁና እግሯን ማሸት ቀጠልሁ። በአራተኛው ቀን አረፈች።

ሰው ሁሉ እናቴን የገደላት እርጅና ነው ይላል። እኔ ያን ሁሉ ዓመት አንድ ጎጆ ውስጥ፣ አንድ ምድጃ ዳር ተቀምጠን፣ ሁለታችንም አንዱን ነገር ለየብቻችን ደብቀን እንደኖርን አስባለሁ። ሸክም ለሁለት ሲሆን ይቀላል ይባላል። እኛ ግን እያንዳንዳችን ሙሉውን ተሸከምነው።

እሑድ ዕለት የልጅ ልጄ ፈልጋኝ ወደ ኒሙ ጥላ መጣችና እንባዬን አይታ ደነገጠች። ለማን እንደማለቅስ ጠየቀችኝ። ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ለእሷ ነገርኋት። አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ «ቢነግሯቸው እናትዎ ይቅር ይሉዎት ነበር?» አለችኝ።

«እሷማ ይቅር ትለኝ ነበር» አልኋት። «እኔ ነኝ የነፈግኋት። ይቅርታ ስትለምነኝ፣ አብሯት ይቅርታ ሊለምን የሚገባውን ሰው፣ እኔን፣ ደበቅሁባት።»